የመዝናኛ ጀልባ መድን፦ ከመፈረም በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

ደሴ፦ ከደሴ ሆጤ ተነሥቶ የሰሜኑን አስፋልት የያዘ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ሐይቅ ከተማን ያገኛል። በከተማዋ አጠገብ የተንጣለለው ሎጎ ሐይቅ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ስም የታወቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መገኛ ነው። ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪ የዕረፍት ቀን መዝናኛ፣ ለአካባቢው ዓሣ አስጋሪ ደግሞ የዕለት እንጀራ ነው። በዚህ ውኃ ላይ ጀልባ ያለው ሰው፣ ቤተሰቡን ለማዝናናት የገዛም ይኹን በማኅበር ተደራጅቶ ጎብኚ የሚያንሸራሽር፣ ሊያመልጠው የማይችል አንድ ጥያቄ አለ። ጀልባዋ ብትገለበጥ፣ ሞተሩ ቢሰጥም ወይም ሰው ቢጎዳ ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው?

ለመኪና ጥያቄው በከፊል በሕግ ተመልሷል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት በመንገድ ላይ የሚንቀሳቀስ ባለሞተር ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ግዴታ ነው፤ ባለንብረቱ ባያስበውም ሕጉ ያስበዋል። አዋጁ ግን የሚናገረው ስለ መንገድ እንጂ ስለ ውኃ አይደለም። መኪናው መድን ስላለው ከኋላ የምትጎተተው ጀልባም ሐይቁ ላይ መድን አላት ብሎ መገመት ትልቅ ስሕተት ነው። የጀልባ መድን ባለንብረቱ ራሱ አስቦ፣ ጠይቆና አገናዝቦ የሚገባው ነው። ችግሩ ምርጫው ብዙ ጊዜ ከተሳሳተ ጫፍ፣ ማለትም "አረቦኑ ስንት ነው?" ከሚለው መጀመሩ ነው።

በሀገራችን የመድን ድርጅቶች ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ የሚስተናገደው "ማሪን" በሚባለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል በኮምቦልቻ አስመጪዎች ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ ከባሕር ማዶ ለሚጓዝ ዕቃ መድን የሚገባው እዚያው ነው። ኾኖም የዕቃ ጉዞ መድንና የጀልባ አካል መድን የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሞተሩ ወይም ጀልባዋ በጭነት መልክ ስትጓዝ የሚደርስባትን ጉዳት የሚመለከት ሲኾን መድረሻው ላይ ስትራገፍ ያበቃል። ጀልባዋ ውኃ ከነካችበት ሰዓት ጀምሮ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። በሁለቱ መካከል ጀልባዋ ግቢ ውስጥ ወይም ዳርቻ ላይ የምትቆይባቸው ሳምንታት ካሉ፣ እነዚያ ሳምንታት በማን ኀላፊነት ሥር እንደኾኑ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። አዲስ ጀልባ ያለ መድን የምትቀረው ብዙውን ጊዜ በዚህ ክፍተት ነው።

ከጀልባዋ በፊት ሰው

የጀልባ መድን በውስጡ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን ይይዛል። አንደኛው የንብረት መድን ነው፤ የጀልባዋን አካል፣ ሞተሩንና ዕቃዎቿን ይመለከታል። ሁለተኛው የኀላፊነት መድን ነው፤ ጀልባዋ በሌላ ሰው አካል፣ ሕይወት ወይም ንብረት ላይ ለምታደርሰው ጉዳት ባለንብረቱ የሚጠየቀውን ካሳ ይሸፍናል።

ባለንብረቶች በቅድሚያ የሚጠይቁት የመጀመሪያውን ነው። ጀልባዋን በዐይናቸው ያዩዋታል፤ ገንዘብ አውጥተውባታል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አስተያየት ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት የሚል ነው። የሰጠመች ጀልባ ባለቤቷን የምታሳጣው ከዋጋዋ አይበልጥም። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የሚያስከትለው የሕክምና ወጪና ካሳ ግን ከጀልባዋ ዋጋ ጋር ዝምድና የለውም፤ ቤትና ከብት ሊያሸጥ ይችላል። ገንዘብ ለሁለቱ የማይበቃ ከኾነ በቅድሚያ መገባት ያለበት የኀላፊነቱ ነው።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመሣሪያ ወይም የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መሣሪያው ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ መኾኑን ይደነግጋል፤ መሣሪያውን ያንቀሳቀሰው ሌላ ሰው ቢኾን እንኳ። ዋናተኛን የመታ ወይም የዓሣ አስጋሪን ታንኳና መረብ የበጣጠሰ የጀልባ ሞተር ከዚህ ድንጋጌ ውጭ ነው ብሎ መተማመን አይቻልም። "እኔ አልነበርኩም፤ የወንድሜ ልጅ ነው የነዳው" የሚለው መልስም ባለቤቱን ነጻ አያወጣውም።

እዚህ ላይ በውሉ ውስጥ "ሦስተኛ ወገን" የሚለው ቃል ማንን እንደሚጨምር በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። በብዙ ውሎች ሦስተኛ ወገን ማለት ከጀልባዋ ውጭ ያለ ሰው ነው። በጀልባዋ ላይ የተሳፈሩት፣ የባለንብረቱ ቤተሰቦችና ተቀጣሪዎቹ በዚህ ቃል ላይካተቱ ይችላሉ። ከሆጤ የመጡ 2 ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ተሳፍረው አደጋ ቢደርስ፣ ባለንብረቱ "የሦስተኛ ወገን መድን አለኝ" እያለ አንዱም ተጎጂ ያልተሸፈነ ሊኾን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የተሳፋሪዎች ኀላፊነት በስሙ ተጠርቶ በውሉ ላይ መጻፉን ማረጋገጥ ግድ ነው።

ተቀጥሮ ለሚቀዝፍ ወይም ሞተር ለሚያንቀሳቅስ ሠራተኛ መንገዱ ሌላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ለዚህ የመድን ድርጅቶች የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን የሚባል የተለየ ውል አላቸው። ባለንብረቱ ራሱና ቤተሰቡ ደግሞ በግል አደጋ መድን ሊሸፈኑ ይችላሉ፤ ዋጋው ከጀልባው መድን ጋር ሲነጻጸር ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው።

የካሳው ጣሪያም መታየት አለበት። ጣሪያው ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለአንድ አደጋ? ለምሳሌ አንድ ውል ለአንድ አደጋ 600 ሺህ ብር ይከፍላል እንበል። ቁጥሩ ሲሰማ ብዙ ይመስላል። ጀልባዋ 12 ሰው ይዛ ብትገለበጥና ሁሉም ቢጎዱ ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 50 ሺህ ብር ነው። ቀሪው የባለንብረቱ ዕዳ ነው።

"ለመዝናኛ" የሚለው ቃል የሚያስከትለው መዘዝ

በማመልከቻ ቅጹ ላይ ጀልባዋ ለምን አገልግሎት እንደምትውል የሚጠይቅ ክፍት ቦታ አለ። ብዙ ሰው "ለግል መዝናኛ" ብሎ ይሞላል፤ አረቦኑ ይቀንሳልና። በጥምቀት፣ በፋሲካ ወይም በአረፋ ሰሞን ግን ዳርቻው በሰው ሲሞላ ያችው የግል ጀልባ በነፍስ ወከፍ እያስከፈለች ጎብኚ ታመላልሳለች። ባለቤቷ ይህን እንደ ንግድ አይቆጥረውም፤ የነዳጅ መሸፈኛ ነው ይላል። መድን ሰጪው ግን የሚያየው በሌላ ዐይን ነው። አደጋው በዚያ ቀን ከደረሰ የመጀመሪያው ጥያቄ "ተሳፋሪዎቹ ከፍለዋል ወይ?" የሚል ይኾናል።

የንግድ ሕጉ መድን ገቢው ውል ሲገባ የሚያውቃቸውንና ለአደጋው ግምት የሚጠቅሙ ነገሮችን በትክክል እንዲገልጽ ያስገድዳል። በአንቀጽ 668 መሠረትም ኾን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተነገረ ነገር ውሉን ፈራሽ ሊያደርገው ይችላል። ይህ ማለት ለዓመታት አረቦን የከፈለ ሰው፣ አንዲት ቃል አሳስቶ በመጻፉ ምክንያት አደጋ በደረሰበት ዕለት ምንም ሳያገኝ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። በዓመት 3 ቀን ብቻ እንኳ በክፍያ ሰው የሚጭን ከኾነ ቅጹ ላይ ይጻፈው። የአረቦኑ ልዩነት ከሚያስከትለው ጉዳት ጋር አይወዳደርም።

ከአገልግሎቱ ጋር የጉዞ ክልሉም ይጻፋል። ውሉ ሎጎ ሐይቅ የሚል ከኾነ ጀልባዋን ከእርሱ ከፍ ብሎ ወደሚገኘው አርዲቦ ሐይቅ፣ ይልቁንም ወደ ጣና መውሰድ ለመድን ሰጪው ሳያሳውቁ የሚደረግ አይደለም። የየብሱ ጉዞም ለብቻው ይታያል፤ ጀልባ በተጎታች ወይም በአይሱዙ ተጭና ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስትወርድ የሚደርስባት ጉዳት በውኃ ላይ መድን ውስጥ ላይካተት ይችላል።

የሰው ቁጥር ሌላው ነጥብ ነው። የሀገር ውስጥ የውኃ ላይ ትራንስፖርትን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው። ጀልባዋ ምዝገባና የብቃት ማረጋገጫ ካላት፣ በሰነዱ ላይ የተጻፈው የመጫን ዐቅምና በመድን ውሉ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መኾን አለባቸው። አንድ ሰው በትርፍ መጫን በባለንብረቱ ዘንድ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ ጉዳት ገማቹ በቅድሚያ የሚቆጥረው ግን ተሳፋሪዎቹንና የሕይወት አድን ጃኬቶቹን ነው።

ዋጋው ስንት ተብሎ ይጻፍ?

ይህ ክፍል ሰፋ ተደርጎ ሊታይ ይገባዋል፤ ቅን የኾኑ ሰዎች ሳይቀሩ የሚጎዱት እዚህ ላይ ነውና።

ከጀልባ ጀርባ የሚሰቀሉ ሞተሮች ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ መሣሪያ በብር የሚጠየቀው ዋጋ በእጅጉ ጨምሯል። ከዚያ በፊት ጀልባውን ያስመዘገበና ውሉን በየዓመቱ በነበረበት ዋጋ ያሳደሰ ሰው ዛሬ መድን የገባው ለንብረቱ ከፊል ብቻ ነው።

"ቢያንስ የተጻፈውን አገኛለሁ" የሚል ሰው ካለ ይህን ስሌት ይመልከት። የንግድ ሕጉ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ ንብረቱ ከዋጋው በታች መድን የተገባለት እንደኾነ ባለንብረቱን ለልዩነቱ የራሱ መድን ሰጪ አድርጎ ይቆጥረዋል። ጀልባዋና ሞተሩ ዛሬ 800 ሺህ ብር ያወጣሉ፤ በውሉ ላይ የተጻፈው ግን 400 ሺህ ብር ነው እንበል። ሞተሩ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ለጥገና 100 ሺህ ብር ቢያስፈልግ መድን ሰጪው የሚከፍለው 50 ሺህ ብቻ ነው፤ የጀልባዋ ግማሽ መድን የለውምና የጥገናውም ግማሽ መድን የለውም። ከዚህም ላይ በመድን ቢሮዎች "ኤክሰስ" እየተባለ የሚጠራው፣ በእያንዳንዱ ጉዳት ባለንብረቱ ከኪሱ የሚሸፍነው የመጀመሪያ ድርሻ ይቀነሳል። ሙሉ ጥገና የጠበቀ ሰው እጁ ላይ የሚደርሰው ከግማሽ ያነሰ ይኾናል።

ዋጋውን ከልክ በላይ አስነሥቶ መጻፍም አይጠቅምም። የንብረት መድን ካሳ እንጂ ትርፍ አይደለም፤ በአንቀጽ 678 እንደተደነገገው የሚከፈለው ጉዳቱ በደረሰበት ዕለት ከነበረው የንብረቱ ዋጋ አይበልጥም። 800 ሺህ ብር የሚያወጣን ጀልባ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ብሎ ማስመዝገብ አረቦን ከመጨመር በቀር የሚያስገኘው ነገር የለም።

ስለዚህ ለመድን ድርጅቱ ሊቀርብ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ ካሳው የሚሰላው በዕለቱ ገበያ ዋጋ ነው ወይስ ውሉ ሲፈረም ሁለቱ ወገኖች በተስማሙበት ዋጋ? በስምምነት ዋጋ መግባት ከተቻለ ክርክሩ ይቀንሳል፤ አረቦኑ ግን ከፍ ሊል ይችላል። ጀልባዋ ሙሉ በሙሉ ባትጠፋና ዕቃ ብቻ ቢቀየር አዲሱ ዕቃ የእርጅና ቅናሽ ይደረግበታል ወይስ አይደረግበትም የሚለውም በጽሑፍ መገኘት አለበት።

ለማስረጃ የግዢ ደረሰኝ፣ ሞተሩ በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብም ይኹን በሌላ መንገድ ሲገባ የተሰጠው የጉምሩክ ሰነድ፣ የሞተሩ መለያ ቁጥርና ፎቶግራፍ ያስፈልጋሉ። በአካባቢው ብረታ ብረት ቤት የተበየደ ጀልባ ደረሰኝ ላይኖረው ይችላል። እንዲህ ያለው ጀልባ በባለሙያ ተገምቶ፣ ግምቱ ከውሉ ጋር ተያይዞ ቢቀመጥ ባለቤቱ በኋላ ከሚመጣ ሙግት ይድናል።

የማይሸፈነው

የመድን ሻጭ ስለሚሸፈነው በሰፊው ይናገራል። ገዢው ደግሞ ስለማይሸፈነው መጠየቅ አለበት፤ ያ ክፍል በውሉ መጨረሻ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ቢኾንም።

በእርጅና የመጣ ጉዳት፣ ዝገት፣ ቀስ በቀስ የሚገባ ውኃ፣ ባለመጠገን የተቃጠለ ሞተር በተለምዶ አይሸፈኑም። በጣና ላይ እምቦጭ በፕሮፔለር ተጠምጥሞ ሞተር ሲያግል ጉዳቱ "ድንገተኛ አደጋ" ነው ወይስ "የአጠቃቀም ጉድለት" የሚለው ሊያከራክር ስለሚችል፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ጉዳዩን ቀድሞ በግልጽ ያስጽፍ። ስርቆትም ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ዳርቻ ላይ ሳይቆለፍ ያደረ ሞተር ቢጠፋ መድን ሰጪው የመስበር ወይም የመፈልቀቅ ምልክት ሊጠይቅ ይችላል። ጠጥቶ መንዳት፣ ለማያውቅ ሰው ማስነዳትና መብራት ሳይኖር በሌሊት መጓዝ በብዙ ውሎች ካሳ ያስከለክላሉ።

የሰጠመች ጀልባን ማውጣትም ለብቻው የሚታይ ነው። የሎጎ ሐይቅ ጥልቀት በአንዳንድ ስፍራ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከዳርቻ አጠገብ የሰጠመች ጀልባ በገመድና በሰው ኀይል ትወጣ ይኾናል፤ መካከል ላይ የሰጠመች ግን የማውጫ ወጪዋ ከዋጋዋ ሊበልጥ ይችላል። ነዳጇ ውኃውን ቢበክል ወይም የዓሣ ማስገሪያ ስፍራ ብትዘጋ ደግሞ ባለንብረቱ "ትቅር" ብሎ ሊተዋት አይችልም። የማውጫ ወጪ በውሉ ውስጥ መኖሩንና ከጀልባዋ ዋጋ በተጨማሪ የሚከፈል መኾኑን ማረጋገጥ ይበጃል።

ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም የጦርነትን ጉዳት ቀምሰዋል። ጦርነት፣ ሁከትና ሽብር በመደበኛ የመድን ውሎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የማይካተቱ ናቸው። የፖለቲካ ሁከትና የሽብር ጉዳትን የሚሸፍን ተጨማሪ ውል የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ለዚህ ጀልባ፣ በዚህ ስፍራ ይሰጣሉ ወይ የሚለውን ግን በየድርጅቱ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። የቃል ተስፋ በክርክር ጊዜ ማስረጃ አይኾንም።

ስለ አማራጮች

አርሶ አደር አንባቢዎቻችን ስለ መድን ሲሰሙ በቅድሚያ የሚያስታውሱት የዝናብ እጥረት መድንን ሊኾን ይችላል። በግብርና ኮሌጅ እንደተማርነው የዚያ መድን አሠራር የተለየ ነው። በአየር ሁኔታ ጠቋሚ የሚሠራው መድን ዝናቡ ወይም የዕፅዋቱ ልምላሜ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ በቀበሌው ላሉት ሁሉ ይከፍላል፤ የእያንዳንዱን ማሳ አይለካም። የጀልባ መድን ግን ጉዳቱን፣ ምክንያቱንና መጠኑን ባለንብረቱ ራሱ እንዲያስረዳ ይጠይቃል። በአንዱ የለመዱትን ከሌላው መጠበቅ ያሳዝናል።

እድርም መልካም ነው፤ ለሐዘን ይደርሳል፣ ድንኳን ይተክላል። የተጎዳ ተሳፋሪን ካሳ ግን አይሸከምም። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ለጥቃቅን ጥገና የጋራ መጠባበቂያ ማስቀመጣቸው ግን ከመድኑ ጋር ተደጋጋፊ ነው። መጠባበቂያ ያለው ማኅበር ከፍ ያለ የራስ ድርሻ ተቀብሎ አረቦኑን ሊያስቀንስ ይችላል። ትንሹን ጉዳት ራሱ ይችለዋል፤ ትልቁን ለመድን ሰጪው ያስተላልፋል። እንዲህ ያለው ማኅበር የመድን ውሉ በማኅበሩ ስም እንጂ በሊቀ መንበሩ ስም አለመጻፉን ይከታተል፤ ሰውየው ሲቀየር ውሉ አብሮ እንዳይሄድ።

ወለድ ያለበትን አሠራር በሃይማኖታቸው ምክንያት ለማይፈልጉ የወሎ ነዋሪዎች ተካፉል የሚባለው መድን አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ለዚህ መመሪያ ያወጣ ሲኾን አገልግሎቱን በልዩ መስኮት የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ። አባላት መዋጮ ወደ አንድ ቋት ያስገባሉ፤ ከዚያ ተጎጂው ይካሳል፤ ድርጅቱ ቋቱን ያስተዳድራል። ኾኖም ተካፉልም ቢኾን የማይሸፍነው ጉዳት፣ የካሳ ጣሪያና ቅድመ ሁኔታ አለው። ከላይ የተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ለእርሱም ይጠየቃሉ።

ዋጋ ሲያወዳድሩ ቢያንስ ከ3 ድርጅቶች ተመሳሳይ ጥያቄ አቅርቦ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይመከራል። በውኃ ላይ በማትውልባቸው የክረምት ወራት ጀልባዋ ዳርቻ ላይ ተጎትታ የምትቆም ከኾነ ለእነዚያ ወራት የአረቦን ቅናሽ መኖሩንም ይጠይቁ፤ ካልጠየቁት ማንም አይነግርዎትም። የመድን ወኪል የድርጅቱ ተወካይ፣ የመድን ደላላ ደግሞ ለገዢው አማራጭ የሚፈልግ ባለሙያ መኾኑን ማወቅም አይከፋም። ጀልባ የተለመደ ንብረት ባለመኾኑ የቅርንጫፍ ቢሮ ሠራተኛ ጉዳዩን ወደ ዋና መሥሪያ ቤት ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ከበዓል ዋዜማ ይልቅ ሳምንታት ቀድሞ መጀመር ነው።

አደጋ ከደረሰ

ሰው ማዳን ይቀድማል። ቀጥሎ ለፖሊስና ለመድን ሰጪው ሳይዘገዩ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ውሉ የማሳወቂያውን ቀን ቆጥሮ ያስቀምጣልና ቀኑ እንዳያልፍ። ጉዳቱ እንዳይባባስ ማድረግ የባለንብረቱ ግዴታ ነው፤ ሞተሩን ከውኃ አውጥቶ ማድረቅ ይቻላል፣ ገማቹ ሳያየው ፈትቶ መጠገን ግን አይመከርም። ለተጎጂው "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይህን ያህል እከፍላለሁ" ብሎ በሽማግሌ ፊት መስማማት በባሕላችን የተከበረ ቢኾንም፣ መድን ሰጪው ሳይስማማበት የተገባ ቃል በብዙ ውሎች የካሳ ጥያቄን ያሰናክላል። ሽምግልናው ይቀጥል፤ የገንዘቡ ነገር ግን መድን ሰጪው ባለበት ይወሰን።

ካሳው ከተከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። የተከለከለው በየትኛው የውሉ አንቀጽ እንደኾነ ከታወቀ በኋላ ለድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም የመድን ዘርፉን ለሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ማመልከት ይቻላል፤ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ነው። በንግድ ሕጉ መሠረት ከመድን ውል የሚነሣ ጥያቄ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። "ነገ ዛሬ" እየተባለ በደብዳቤ ልውውጥ የሚያልፈው ጊዜም ከዚህ ውስጥ ሊቆጠር ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ የገባበት ቀን ማኅተም ተደርጎበት ይያዝ። የውሉ፣ የደረሰኙና የፎቶግራፉ ቅጂ ደግሞ ከጀልባዋ ውስጥ ሳይኾን ከቤት ይቀመጥ።